በማክሰኞው ናሙና ውስጥ ስለተገኙት ሦስት ፍሬ አተሮች

የምስክር ቃል መቀበያ

ቀን፦ ሰኞ 18/07፣ ከጠዋቱ 3፡20 ሰዓት
ስም፦ ዕድሜዋ ከአሥራ ስምንት በታች ስለሆነ በተለየ ወረቀት ተመዝግቧል
ዕድሜ፦ 17
የትምህርት ደረጃ፦ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠች
ሥራ፦ በወጥ ቤት እየተከፈላት የምትሠለጥን ተለማማጅ
አድራሻ፦ ከዳቦ መጋገሪያው ጀርባ፣ ሁለተኛው በር፣ ከአክስቷ ጋር
አብራ የቀረበች አሳዳጊ፦ አክስቷ፣ ልብስ አጣቢ
ቃሉን የተቀበለው፦ መርማሪ ፖሊስ፣ ክፍል 4

ዛሬ ሰኞ 18/07 ወደዚህ ጣቢያ የመጣሁት ማንም ጠርቶኝ ሳይሆን በራሴ ፈቃድ ነው። ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ማክሰኞ 12/07 መወሰድ የነበረበትን የምግብ ናሙና ያልወሰድኩት እኔ ነኝ። በማግስቱ ረቡዕ፣ ማክሰኞ ተብሎ በተጻፈበት ዕቃ ውስጥ የረቡዕን ምግብ የጨመርኩትም እኔ ነኝ። በዚህ ጉዳይ ከዓርብ ጀምሮ ተይዘው የሚገኙት አሠልጣኛችን ይህ ሲደረግ አላዩም፣ አላዘዙም። ይህን ለመናገር ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል።

ቃሌን በምሰጥበት ጊዜ አክስቴ አጠገቤ ተቀምጣለች። ለእኔ የቀረበውን ጥያቄ እሷ ቀድማ ስለምትመልስ ሁለት ጊዜ ዝም እንድትል ተነግሯታል።

የምሠራበት ወጥ ቤት ለሁለት ትምህርት ቤቶችና ለአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ምሳ እያበሰለ የሚልክ ነው። ከአራት ወር በፊት አሥራ ሁለት ወጣቶችን ተቀብሎ፣ በየሳምንቱ እየከፈለ፣ ለስድስት ወር የምግብ ሥራ ሊያስተምር ጀመረ። በመጨረሻ ፈተናውን ያለፈ ሰው በዚያው ወይም በሌላ ወጥ ቤት ይቀጠራል። ፎርሙን የሞላችልኝ አክስቴ ናት። «መማርም መከፈልም አንድ ላይ ከየት ይገኛል፣ ሂጂ» አለችኝ። ከዚያ በፊት ከእሷ ጋር ልብስ አጥብ ነበር። ልብስ ማጠብ ከሰው ጋር ማውራት ስለማይጠይቅ አልከፋኝም ነበር።

አሠልጣኛችንን ሁላችንም እትዬ ሚዛን እንላቸዋለን። ጨው እንኳ በጣታቸው ቆንጥረው አይጨምሩም፤ ሁሉንም ይመዝናሉ። ከሚዛን ቀጥሎ አጥብቀው የሚይዙት ነገር ድምፅ ነው። በወጥ ቤቱ ደንብ ትኩስ ዕቃ ይዞ ከሰው ጀርባ የሚያልፍ «ትኩስ ነው፣ ከኋላ ነኝ» ብሎ መጮህ አለበት። የታዘዘ ሰውም «ሰምቻለሁ» ብሎ መመለስ አለበት። ራስ መነቅነቅ እንደ መልስ አይቆጠርም። ጀርባውን ሰጥቶ ለሚሠራ ሰው ነቅንቆ መመለስ ለግድግዳ እንደ መመለስ ነው ይላሉ።

እኔን ጓደኞቼ ጭጭ ይሉኛል። በመጀመሪያው ወር ከምድጃ የወጣ ትሪ ይዤ፣ ጉልቤው ከምንለው ተለማማጅ ጀርባ ሳልፍ «ከኋላ ነኝ» ብያለሁ፤ ግን የተሰማው ለእኔ ብቻ ነው። ጉልቤው ዞር ሲል ክርኑ ትሪውን ነካና ተቃጠለ። «ጭጭዬ፣ ልትጠብሺኝ ከሆነ መጀመሪያ ቅመም ቀቢኝ እንጂ» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ዕቃ ማጠቢያው ጋ ሄጄ አለቀስኩ። እትዬ ሚዛን ተከትለውኝ መጥተው ለምን ድምፄን እንደማላወጣ ጠየቁኝ። አክስቴ ዝምታ ወርቅ ነው እንደምትል ነገርኳቸው። «እንግዲያው ወርቅ ቤት ተቀጠሪ፤ ይሄ ወጥ ቤት ነው» አሉኝ። (አክስቴ እንዲህ ያለ ነገር ከአፏ ወጥቶ እንደማያውቅ እዚህ ላይ እንዲጻፍላት ጠይቃለች።)

ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ሚዛን ከምሳ በኋላ እኔን የግቢው በር ላይ ያቆሙኝና እሳቸው ከግቢው ማዶ ካለው የውሃ ቧንቧ አጠገብ ይቆማሉ። የዕለቱን ምግብ፣ ምን ያህል እንደተመዘነና ስንት ሰዓት እንደበሰለ ከበሩ ሆኜ እነግራቸዋለሁ። ካልደረሳቸው «አልሰማሁም» ይላሉ። ሌላ ቃል አይጨምሩም፣ አይቆጡም። እኔም እደግማለሁ። በሦስተኛው ወር አንድ ቀን ቧንቧው ጋ ሆነው «ሰምቻለሁ» አሉ። የዚያን ቀን ወደ ቤት የሄድኩት እየሮጥኩ ነው።

ስለ ናሙናው የማውቀው እንደሚከተለው ነው። ምግቡ በስሎ ከመጫኑ በፊት ተረኛው ተለማማጅ ከድስቱ ሁለት ጭልፋ ወስዶ፣ ክዳን ባለው ነጭ ዕቃ አድርጎ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፎ ቁልፍ ባለው ትንሽ ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ቀን ያቆየዋል። የበላ ሰው ቢታመም ተከፍቶ እንዲመረመር ነው። ተረኛው የምግቡንም ሙቀት ይለካል፤ ከመኪናው ጋር ሄዶ ሲደርስም ይለካል። ከ11/07 ጀምሮ የነበረው ሳምንት ተራዬ ነበር።

ማክሰኞ 12/07 የተሠራው ሩዝ በዶሮና በካሮት ነው። ከጠዋቱ 4፡45 ላይ የሙቀት መለኪያውን ድስቱ መሃል ተክዬ 78 ዲግሪ አነበብኩ። በቅጹ ላይ ጻፍኩ፤ በራሴ ደብተርም ጻፍኩ። ደብተሩ በሥራ ቦታ ያየሁትን ሁሉ የማሰፍርበት ነው። መርማሪው ገጹን ፎቶ አንስቶ ደብተሩን መልሶልኛል። ከዚያ ነጩን ዕቃና ጭልፋውን ይዤ ስመጣ ጉልቤውና ሌላ ልጅ የድስቶቹን ክዳን እየገጠሙ ነበር። የመኪናው ሞተር ተነሥቷል። መናገር የነበረብኝ «ቆዩ» የሚል አንድ ቃል ነው። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ቸኩለዋል፤ ሁሉም ሰው ሥራውን ጥሎ ወደ እኔ የሚዞር መሰለኝ። ክዳኑ ተቆለፈ፣ ድስቶቹ ተጫኑ፣ እኔ ባዶ ዕቃ ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

በዚህ ጊዜ እትዬ ሚዛን ስልኩን በትከሻቸውና በጆሯቸው መሃል ይዘው የመላኪያውን ወረቀት ሊፈርሙ ነበር። «ናሙናው?» አሉኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። ሌላ ቀን ቢሆን «አልሰማሁም» ይሉኝ ነበር። የዚያን ቀን ፈረሙ። እኔም ባዶውን ዕቃ ማክሰኞ ብዬ ጽፌበት ፍሪጅ ውስጥ አስገባሁት።

ወደ ፋብሪካው የሄድነው ከሾፌሩ ከጋሽ ቀስ በቀስ ጋር ነው። ስሙ የወጣላቸው በአነዳዳቸው ነው፤ ድስት የጫነ ሰው እርጉዝ እንደጫነ ነው ይላሉ። 5፡35 ላይ ደረስን። የምሳ አዳራሹ ኃላፊ ማሽን ስለተበላሸ ሠራተኛው ምሳ የሚወጣው ዘግይቶ መሆኑን ነገሩን። ድስቶቹን በኮሪደሩ መስኮት ሥር አስደረደሩና ክዳኖቹን ከፈቱ። «ትንሽ ይተንፍስ» አሉ። ስለካው 69 ነበር። በተማርነው መሠረት ምግቡ እስኪቀርብ ድረስ እንደተከደነ መቆየት አለበት፤ ሙቀቱ ከ60 በታች ከወረደ ደግሞ እንደገና ሳይሞቅ ለሰው አይሰጥም። «ይክደኑት» ማለት ነበረብኝ። በደብተሬ ላይ «5፡40፣ 69፣ ክዳን ተከፍቷል፣ በዪ የለም» ብዬ ጻፍኩና ወደ መኪናው ተመለስኩ። ጻፍኩ እንጂ አልተናገርኩም። ሠራተኞቹ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ እንደበሉ የሰማሁት በኋላ ነው። ሕመሙ ከዚህ የመጣ ይሁን ከሌላ እኔ መናገር አልችልም፤ የባለሙያ ሥራ ነው።

ረቡዕ 13/07 ጠዋት ስለታመመ ሰው ገና አልሰማንም ነበር። ያስጨነቀኝ በማግስቱ ሐሙስ ዕቃዎቹ ተከፍተው የሚታዩበት ሳምንታዊ ቁጥጥር ነው። የረቡዕ ምግብ ሩዝ በዶሮና በአተር ነበር። የረቡዕን ናሙና በደንቡ ከወሰድኩ በኋላ በማክሰኞው ዕቃ ውስጥም ሁለት ጭልፋ ጨመርኩ። ከዚያ አተሩን በጣቴ አንድ በአንድ ለቀምኩት። ለሰላጣ ከተቀቀለው ካሮት ቆራርጬ ከላይ በተንኩበት። ያየኝ ሰው አልነበረም፤ ጀርባዬ ግን ሰው እንደሚያየኝ ሁሉ ይሞቀኝ ነበር። የለቀምኩትን አተር ጥዬው ስመለስ ጉልቤው እንደ ልማዱ «ጭጭዬ፣ ዛሬ ምን ሰማን?» ብሎ ቀለደብኝ። አይቶኛል ብዬ ደነገጥኩ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ 8፡30 ላይ የጤና ቁጥጥር ሠራተኞች መጡ። ከፋብሪካው ሃያ ሦስት ሰዎች ማክሰኞ ማታ ሆዳቸውን እንደታመሙ ያኔ ሰማን። የማክሰኞውን ዕቃ አሽገው ወሰዱ። የመናገሪያው ጊዜ ያ ነበር፤ አልተናገርኩም። ታማሚዎቹ ሐሙስ ዕለት ሁሉም ድነው ቤታቸው ገብተዋል። ይህን ስሰማ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ እፎይ ብዬ ነበር። ዓርብ 15/07 ግን ዕቃው ሲገለበጥ ከሥሩ ሦስት ፍሬ አተር እንደተገኘ፣ ካሮቱም ከሩዙ ጋር ያልበሰለ እንደሆነ ተነገረ። ማክሰኞ አተር አልተሠራም። ማስረጃ ለማጥፋት ሆን ተብሎ የተቀየረ ነው ተባለ። ወጥ ቤቱ ታሸገ፣ ሥልጠናው ቆመ፣ እትዬ ሚዛን ተወሰዱ።

ስለ ፍሪጁ ቁልፍ ለቀረበልኝ ጥያቄ፦ ቁልፉ በቀይ ክር ታስሮ በእትዬ ሚዛን አንገት ላይ የሚንጠለጠል ነው። ነገር ግን ጠዋት ጠዋት ለተረኛው ይሰጡና ከሥራ መውጫ ላይ ይቀበላሉ። ማክሰኞም ረቡዕም እኔ ጋ ነበር። እሳቸው ቁልፉ ከአንገታቸው እንዳልወረደ፣ ናሙናውንም በገዛ እጃቸው እንደወሰዱ ቃል መስጠታቸውን የሰማሁት ቅዳሜ ከጋሽ ቀስ በቀስ ነው። ያሉት ትክክል አይደለም። ለምን እንዲህ እንዳሉ ስሰማ ወዲያው ገብቶኛል። ተረኛ ማን ነበር ተብሎ እንዳይጠየቅ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ተለማማጆቹ ሁሉ ወጥ ቤቱ በር ላይ ተሰብስበን ነበር። ጉልቤው «ሦስት አተር አሥራ ሁለት ሰው ሥራ አስፈታ» አለ። ቀጥሎም «እሳቸው ግን ይህን አያደርጉም። እትዬ ሚዛን አተር ቢሰርቁ እንኳ መዝነው ነው የሚሰርቁት» አለ። ሁሉም ሳቁ። አንዷ ልጅ ሳቋን ሳትጨርስ ማልቀስ ጀመረች፤ ወንድሟን በዚህ ክፍያ ነው ትምህርት ቤት የምታስተምረው። ጉልቤው እኔን አይቶ «ምነው ጭጭዬ፣ አንቺማ ዛሬ ጭራሽ ጠፋሽ» አለኝ።

እሁድ ከሰዓት ከአክስቴ ጋር የታጠበ አንሶላ እያጠፍን ነገርኳት። አንሶላውን ጫፍና ጫፍ ይዘን፣ እሷን ሳላይ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገርኩ። መጀመሪያ «ዝም በይ፣ ጎረቤት ይሰማል» አለችኝ። ጫፉ ከእጄ ሊያመልጥ ሲል «አትልቀቂው፣ መሬት ይነካል» አለች። አጥፈን ስንጨርስ «ነገ ከደንበኞቼ በፊት አብሬሽ እሄዳለሁ» አለችኝ።

ሰው አስገድዶኝ ወይም መክሮኝ እንደሆነ ተጠይቄ ማንም እንዳላስገደደኝ መልሻለሁ። ቀድሞ የዋሸሁ ሆኜ ሳለ የዛሬው ቃሌ ለምን እንደሚታመን ስጠየቅም፣ የዋሸሁት ሁሉ አፌን ዘግቼ እንደሆነ፣ አፌን ከፍቼ የተናገርኩት ግን ዛሬ እንደሆነ ተናግሬያለሁ። ከሥልጠናው ልባረር እንደምችል ተነግሮኛል። አውቀዋለሁ። መባረር አልፈልግም። ሽንኩርት ሳላይ እከትፋለሁ። የሩዝ ውሃ ሲያልቅ በድምፁ እለየዋለሁ። በእጄ የማውቀው የመጀመሪያ ሥራዬ ነው።

4፡30 ላይ መርማሪው የጣት አሻራ ቀለም ሊያመጣ ሲወጣ በሩን ክፍት ትቶት ነበር። እትዬ ሚዛን ከአንዲት ፖሊስ ጋር ኮሪደሩ ጫፍ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አየኋቸው። ያለ ሽርጥ አይቻቸው ስለማላውቅ መጀመሪያ ሌላ ሰው መስለውኝ ነበር። አንገታቸው ላይ ክሩ የለም። አዩኝና «ምን ልታደርጊ መጣሽ ልጄ? እኔ ወሰድኩት ብዬ ጨርሼው የለም እንዴ? ነቅንቀሽ ስትመልሺ የፈረምኩት እኔ ነኝ» አሉኝ። ከአተሩ አውቀውት ኖሯል። ልነግራቸው ፈልጌ ራሴን ነቀነቅኩ።

«አልሰማሁም» አሉ።

ተነሥቼ በሩ ላይ ቆምኩ። «ማክሰኞ ናሙና አልወሰድኩም። ረቡዕ የጨመርኩት እኔ ነኝ። እርስዎ አይደሉም» አልኩ። ኮሪደሩ ላይ ባለው የጉዳይ መቀበያ መስኮት ተሰልፈው የነበሩት ሰዎች ሁሉ ዞሩ። አክስቴ ቀሚሴን ከኋላ ይዛ ትጎትተኝ ነበር። እትዬ ሚዛን ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉና «ሰምቻለሁ» አሉ። ቀጥለውም «ቧንቧው ጋ ብሆንም እሰማሽ ነበር» አሉኝ። ፖሊሷ ጣቢያ ውስጥ መጮህ እንደማይፈቀድ ነገረችኝ፤ ነገር ግን ፊቷ አልተቆጣም። መርማሪው ተመልሶ ጩኸቱ ምን እንደነበር ስለጠየቀኝ ይህም በቃሌ ውስጥ ተጽፏል። ከዚያ የእትዬ ሚዛንን ቃል በድጋሚ እንደሚቀበልና የእኔን ቃል ዛሬውኑ ለአለቃው እንደሚያቀርብ ነግሮኛል።

ጽሑፉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦልኛል። በሁለተኛው ገጽ ላይ «ናሙናውን መውሰድ ረሳሁ» ተብሎ ነበር። መርማሪው ለእኔ አዝኖ እንደጻፈው ይገባኛል። አልረሳሁም፤ «ቆዩ» ማለት ፈርቼ ነው። እንዲታረም ጠይቄ ታርሟል። የቀረው ሁሉ እንደተናገርኩት ነው። ያደረግሁትን አልቀነስኩም፤ ከሰው የሰማሁትንም እንዳየሁት አድርጌ አላቀረብኩም። በኋላ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ተጠያቂ እንደምሆን አውቄ እፈርማለሁ።

ነገ ማክሰኞ 19/07 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ደብተሬን ይዤ ወደ ጤና ቁጥጥር ቢሮ እሄዳለሁ፤ ስለ 69 ዲግሪውና ስለ ተከፈተው ክዳን እነግራቸዋለሁ። ከዚያ በፊት ግን 1 ሰዓት ላይ ወጥ ቤቱ በር እገኛለሁ። ጓደኞቼ ሥልጠናው ተከፍቶ እንደሆነ ለማየት በየጠዋቱ እዚያ ይመጣሉ። ከሌላ ሰው ሳይሰሙት እኔ እነግራቸዋለሁ። ጉልቤው ቢቆጣ ይቆጣ። በሩ ላይ ቆሜ፣ ቧንቧው ጋ ያለ ሰው እንዲሰማው አድርጌ ነው የምናገረው።

የቃል ሰጪዋ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)
የአሳዳጊዋ የጣት አሻራ፦ (ተደርጓል)
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)
የተጠናቀቀበት ሰዓት፦ 5፡15
በገጽ 2 አንድ ቃል በቃል ሰጪዋ ጥያቄ ተሰርዞ ታርሟል።